ዶን ፔርሲዮ እንዳይመርጡን

የፓሎ አማርጎ የቤዝቦል ቡድን ጨዋታ ሲኖረው የከተማው ሰው የሚጸልየው ስለ ዝናብ ወይም ስለ ዳኛ አይደለም። ዶን ፔርሲዮ በሬዲዮ «ዛሬ ፓሎ አማርጎ ያሸንፋል» እንዳይሉ ነው።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በስኳር ፋብሪካው በር ላይ የሸንኮራ አገዳ ጋሪ ሲመዝኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሚዛናቸውን ከአገዳ ወደ ተጫዋች ያዞሩ ሰው ናቸው። እሁድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ከራዳሜስ ኮልማዶ ጓዳ ይገባሉ። ራዳሜስ ሩዙንም ዘይቱንም ቢራውንም የሚቸረችረው እዚያ ነው፤ የከተማዋም ሬዲዮ የምትተላለፈው ከዚያው ጓዳ፣ ከሩዝ ጆንያና ከቢራ ሳጥን መሃል ነው። ዶን ፔርሲዮ ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው የዕለቱን ጨዋታ ይተነትናሉ። ኳሱን የሚወረውረው ማን ነው? በአንድ ጨዋታ በአማካይ ስንት ነጥብ ይቆጠርበታል? ስንቱን መቺ በባዶ ይሸኛል፣ ስንቱንስ በራሱ ስህተት በነፃ ያሳልፋል? ተጋጣሚው ግራኝ ወርዋሪ ሲገጥመው እንዴት ይመታል? ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያወርዱታል።

ቁጥራቸው ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ዝንፍ የምትለው መጨረሻ ላይ የምትመጣው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ስለዚህ የሚያሸንፈው…»

በዚያ ዓመት አንድም ጊዜ አልያዘላቸውም። የመረጡት ሁሉ ተሸነፈ። «እሳቸው የመረቁት ሰው ጠላት አያስፈልገውም» ይባል ጀመር። ሟርተኛ የሚለው ስምም፣ እንደ ሌላ ቦታ ክፉ በመናገር ሳይሆን ደግ በመናገር፣ እሳቸው ላይ ተለጠፈ።

ፓሎ አማርጎ ከጎረቤቱ ከቦካ ሆንዳ ጋር ለፍጻሜ ሊጋጠም አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ራዳሜስ የዶሚኖ ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ጠረቅ አደረገና ቀና አለ።

«አበልጄ፣ ሬዲዮዋ የኔ ናት፣ አፉ ያንተ ነው። እስካሁን ችያለሁ። ነገም ከተሳሳትክ ግን የእሁዱን ሰዓት ለከተማዋ ህልም ፈቺ እሰጣታለሁ።»

«ህልም ፈቺዋ ተሳስታ አታውቅም?»

«ሁልጊዜ ትሳሳታለች። ግን እሷ ስትሳሳት ሰው የሚወቅሰው ህልሙን ነው።»

ዶሚኖ የሚጫወቱት ሳቁ። ዶን ፔርሲዮ አልሳቁም። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ቀን የሚገፉት ለዚያች የእሁድ ሰዓት ብለው ነበር። ይህን ለራዳሜስ አይነግሩትም። ደግሞም የነገው ሚዛን በግልጽ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስለነበር፣ ነገ እንደማይሳሳቱ እርግጠኛ ነበሩ።

በዚህ መሃል ዶኛ ፊዮርዳሊሳ መጡ። በስታዲየሙ በር ያኒኬኬ የሚባለውን ቂጣ በዘይት እየጠበሱ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ነገ ለፓሎ አማርጎ የሚወረውረው ዊልኪን ልጃቸው ነው።

«ዶን ፔርሲዮ፣ እግዜር ያሳይዎ፤ ነገ ልጄን ምን ሊሉብኝ ነው?»

«ቁጥሩ ያለውን ነዋ።»

«ቁጥሩ ምን ይላል?»

«ግሩም ነው! ዊልኪን በአንድ ጨዋታ ሁለት ነጥብ እንኳን አይ…»

«ዝም ይበሉ!» ዶኛ ፊዮርዳሊሳ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። «ከዋዜማው ነው የሚጀምሩብኝ? ለምን ስለ ቦካ ሆንዳው ግራኝ አያወሩም? ስለዚያ ኦዳሊስ። እሱንም እናት ወልዳዋለች፤ እስኪ ያመስግኑላት!»

«ኦዳሊስ በጨዋታ አራት ነጥብ ይቆጠርበታል። ምኑን ላመስግን?»

«ቁመቱን!» አለ ራዳሜስ።

«የዋሸሁ እንደሆነ» አሉ ዶን ፔርሲዮ ቀስ ብለው፣ «ከዚያ በኋላ ምኔ ይታመናል?»

«አሁንስ ማን ያምንዎታል?» አሉ ዶኛ ፊዮርዳሊሳ።

እሁድ ጠዋት ዊልኪን ራሱ መጣ። ሰው የሚያመላልስባትን ሞተር ብስክሌት ደጃፉ ላይ አቆመ፤ ሳይወርድ፣ ሞተሩንም ሳያጠፋ ትንሽ ቆየ። ቁመቱ በሩን የሚያህል ልጅ እንደ ተማሪ ጥፍሩን ይነክሳል።

«እናቴ ልካኝ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«እኔ በዚህ በሟርት ምናምን አላምንም።»

«ጎበዝ!»

«ክንዴ ግን ያምናል።»

ዊልኪን ሞተሩን አጠፋ።

«እርስዎ ያመሰገኑኝ ዕለት ኳሷ እንደ ሳሙና ታሟልጨኛለች። በሌላው ቀን እንዲህ አታደርገኝም። ዶን ፔርሲዮ፣ ቦካ ሆንዳን ቢመርጡ ምን ይጎድልብዎታል?»

ምን እንደሚጎድልባቸው አልነገሩትም። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን አንድ የቆየ ነገር ሲያብሰለስሉ አረፈዱ። ጋሪ ሲመዘን መዛኙ እግሩን ሚዛኑ ላይ ማሳረፍ የለበትም፤ ካሳረፈ የአገዳው ክብደት የአገዳው አይሆንም። ሲደጋግሙ ሲያስቡት፣ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ልጅ ሚዛን ላይ ቆመው የከረሙት እሳቸው ራሳቸው ሆነው አገኙት። የሚወርዱበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላውን መምረጥ። ያን ጊዜ ልጁ ያሸንፋል፣ እሳቸው ይሳሳታሉ፣ የእሁዱን ሰዓት ህልም ፈቺዋ ትወስዳለች።

እኩለ ቀን ላይ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጡ። ውጭ የዶሚኖው ጠጠር ዝም አለ።

ከቁጥሩ አንዱንም አልሸሸጉም። ዊልኪን በጨዋታ ሁለት ነጥብ እንደማይሞላበት፣ ስምንት መቺ በባዶ እንደሚሸኝ፣ በነፃ የሚያሳልፈው ከአንድ እንደማይበልጥ ተናገሩ። የኦዳሊስን አራት ነጥብ፣ ዒላማ የሚስት ውርወራውን ተናገሩ። ፓሎ አማርጎ በግራኝ ላይ ከአሥር ሙከራ ከሦስት በላይ እንደሚመታ፣ የቦካ ሆንዳ ተከላካዮች ደግሞ ኳስ በመጣል ከሊጉ አንደኛ እንደሆኑ ተናገሩ። ዶኛ ፊዮርዳሊሳ በር ላይ ቆመው በእያንዳንዱ ቁጥር ያማትቡ ነበር።

«ስለዚህ የሚያሸንፈው…» አሉ ዶን ፔርሲዮ። «…ቦካ ሆንዳ ነው።»

ኮልማዶው በጩኸት ተናጋ። ሰው ዋንጫው እጁ የገባ ይመስል ተቃቀፈ። ራዳሜስ ብቻ አፉን ከፍቶ ያያቸው ነበር።

«አበልጄ፣ የቆጠርከው ወዲህ፣ የደመደምከው ወዲያ! ምን ነካህ?»

«ማይክሮፎኑን ዝጋው» አሉ ዶን ፔርሲዮ። «እየተሰማ ነው።»

በእርግጥም ተሰምቷል። ቦካ ሆንዳዎችም በአውቶቡሳቸው ውስጥ ሬዲዮ ነበራቸው። ኦዳሊስ ቡድኑ ሲመረጥ ፊቱ አመድ ለብሶ ነበር አሉ። ሜዳ ሲገባም ሦስት ጊዜ አማተበ፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቺዎች በነፃ አሳለፈና ሁለቱም ነጥብ ሆነው ገቡ። ሰውየው ወደ ተመልካቹ ደረጃዎች እየዞረ «የታሉ እኚያ ሽማግሌ?» የሚል ይመስል ነበር።

ዊልኪን ግን የሚያየው ተቀባዩን ብቻ ነበር። ኳሷ እጁ ላይ እርግብ ሆነችለት። ቦካ ሆንዳ እስከ ስምንተኛው ዙር አንድ ነጥብ ብቻ አገኘ። ዶን ፔርሲዮ ከላይኛው ደረጃ ተቀምጠው አንድ እጃቸው ለልጁ ያጨበጭባል፣ ሌላው ጉልበታቸውን ጨምድዶ ይዟል። ልጁ ባሸነፈ ቁጥር የእሁዷ ሰዓት ትርቃለች።

በዘጠነኛው ዙር፣ ፓሎ አማርጎ ሁለት ለአንድ እየመራ፣ ቦካ ሆንዳ ሁለት ሯጭ ሜዳ ላይ አስቆመ። ዊልኪን ጠማማዋን ኳስ ወረወረ። ኳሷ ግን አልጠመመችም። ቀጥ ብላ፣ እንደ እንግዳ በዋናው በር ገባች። መቺው አላመናትም መሰለኝ ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ መታትና ከአጥሩ ማዶ ከማንጎው ዛፍ ላይ ሰቀላት። አራት ለሁለት። ፓሎ አማርጎ በቀረችው የመጨረሻ ዕድልም ምንም አላደረገም።

ማምሻውን ኮልማዶው ለቅሶ ቤት መሰለ። ዊልኪን ትከሻው ላይ በረዶ አስሮ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ማንም አልተቆጣውም፤ ግን ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም። ያም ከቁጣ ይብሳል። ደስ ያለው ራዳሜስ ብቻ ነው።

«አበልጄ! ያዘልህ እኮ! ቦካ ሆንዳ አልክ፣ ቦካ ሆንዳ ሆነ። ሰዓቷ ያንተ ናት፤ እስክትሞት ማንም አይነካትም!»

ዶን ፔርሲዮ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ነበሩ። ደስታው ግን አልመጣ አላቸው፤ ቢጠብቁት፣ ቢጠብቁት።

ዶኛ ፊዮርዳሊሳ ግን ከጥግ ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በአፍዎ ቦካ ሆንዳ አሉ፤ ሰምተናል። በልብዎ ማንን መረጡ?»

ራዳሜስ ከባንኮኒው ጀርባ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ አትናገር ማለቱ ነው። ዶን ፔርሲዮ ወደ ዊልኪን አዩ። ልጁ አሁንም ወለሉን ያያል፤ ከበረዶው የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማውን አርሶታል።

«እኛን» አሉ ዶን ፔርሲዮ።

«አላልኳችሁም!» ዶኛ ፊዮርዳሊሳ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አላልኳችሁም! ልጄን በሆዳቸው ይመርቁት ነበር!»

ያ ሁሉ ለቅሶ ወደ ጩኸት፣ ጩኸቱም ወደ ሳቅ ተለወጠ። «ወይ ጉድ!» «በሆድም ይሠራል እንዴ?» «በፍጻሜ ቀን ራሳቸውን ስተው ቢውሉልን ምን ነበረበት!» ዊልኪን ቀና አለ፤ ቀስ እያለ ፊቱ ፈታ።

«ለካ ለዚህ ነው!» አለ። «ያቺ ኳስ ከእጄ ስትወጣ የሆነ ሰው የያዘብኝ መስሎኝ ነበር!»

«ያዝኩብህ፣ ልጄ» አሉ ዶን ፔርሲዮ። «ይቅር በለኝ።»

«ስሙኝ!» አለ ራዳሜስ በሳቁ መሃል እየጮኸ። «የተሳሳተው ልቡ ነው እንጂ ሬዲዮዬ አልተሳሳተችም! ሰዓቷ ያው የእሱ ናት!»

ሰዎቹ የቢራ ሳጥን እየሳቡ ወደ ዊልኪን ተጠጉ። አንዱ ትከሻውን መታ አደረገው፣ አንዱ ቀዝቃዛ ጠርሙስ አቀበለው። ዶን ፔርሲዮ ግን አንድ ሌላ ቁጥር ያውቁ ነበር። ዊልኪን መቶ ኳስ ከወረወረ በኋላ ክንዱ ይዝላል፤ ያን ጊዜ ጠማማዋ ኳስ አትጠምም። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነበር። ያቺ ኳስ ስትወረወር መቶው ካለፈ ቆይቷል። ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ። ልጁ ጠርሙሱን ወደ እሳቸው ከፍ አድርጎ እየሳቀ አያቸው።

«እንዲያውም» አሉ በምትኩ፣ «በሦስት ነጥብ ልዩነት ነበር የመረጥኳችሁ።»

«በሦስት!» ብለው ጮኹ ዶኛ ፊዮርዳሊሳ። «አይ ጨካኝ! አንድ አይበቃዎትም ነበር?»