ስለማይነገረው እንኮራለን

ፀጉር ሠሪ ነኝ። የሥራዬ ግማሹ መቀስና ማበጠሪያ ነው፤ ግማሹ ወሬ ነው። ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ስትገባ ስለማትሰማ አፌን አሳርፋለሁ። ከዚያ ውጭ ዝም ካልኩ "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?" ይሉኛል። እንግዲህ ልጄ ወታደራዊ መረጃ ልትማር የገባች ዕለት የደረሰብኝን አስቡት።

መጀመሪያ ወላጆችን አዳራሽ ሰበሰቡን። ሻለቃው ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ እሱን ለመስማት ሁላችንም ወደፊት ዘንበል ብለን ተቀመጥን። "ልጆቻችሁ የት እንዳሉና ምን እንደሚማሩ ለማንም አይነገርም" አለ። "ከቤተሰቡ በኩል ወሬው የወጣበት ተማሪ በዚያው ቀን ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ጥያቄ ያለው?" ከኋላ አንድ አናጢ እጁን አወጣና "ለምረቃው የራሳችንን ካሜራማን ይዘን መምጣት ይቻላል?" ብሎ ጠየቀ። ሻለቃው ቆይቶ አየውና ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደ።

ልጄ ለዚህ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። ሁለተኛው ጊዜ ሳምንት ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣ ነበር፤ ሳህኑን በር ላይ አስቀምጬ እንዳለ ነበር የማነሳው። ያንን ሳምንት ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ በእኔ አፍ ምክንያት እንዳትባረር ለራሴ ማልኩ። ሆድ ካገር ይሰፋል ይላሉ። የእኔ ሆድ ግን ምስጢር ሲገባበት ይነፋል።

ባሌ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲያደርሰው እንኳ "ፍሬን ያዝ ልጄ" ብቻ ነው የሚለው። "ምን ያስጨንቅሻል? የእንስሳት ሕክምና ትማራለች እንላለን" አለኝ። አልን። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታችን ውሻ አነከሰና ሴትዮዋ ልጃችን በስልክ ምክር እንድትሰጣት መጣች። ባሌ ጓዳ ገብቶ ለብቻው አወራና ተመልሶ "ሩጫ ቀንሱለት ብላለች" አላት። ውሻው ዳነ። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን ያልታመመ ድመት አልነበረም።

አሁን ኮሚቴ ወዳቋቋምንበት ልምጣ። የአዳራሹ ስብሰባ እንዳለቀ በሩ ላይ ቆመን ስንተያይ ያ አናጢ "ይሄን ነገር ለብቻ መያዝ ይከብዳል" አለ። "እርስ በርሳችን ብናወራው ግን ምስጢር አይወጣም፤ ሁላችንም እናውቀዋለንና።" ነገሩ ልክ መሰለን። እኛ ደግሞ ሦስት ሆነን ከቆምን አንዳችን ሊቀመንበር ሳንሆን አንበተንም። አናጢው ተመረጠ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ጋሽ ሊቀመንበር ሆኖ ቀረ። መሰብሰቢያችን እሁድ ከሰዓት እኔ ፀጉር ቤት ሆነ። የእንስሳት ሕክምናዋን ሰበብም ሁሉም ከእኛ ወሰዱ። ለጥንቃቄ መጋረጃውን እንጋርዳለን፣ አንድ አንድ እያልን እንገባለን፣ አንድ አንድ እያልን እንወጣለን። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ማየት የጀመረው ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባንም።

እውነቱን ለመናገር እነዚያ እሁዶች መድኃኒቴ ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆናብኝ የከረመችው ልጄ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ስሟ ይነሳል። እያንዳንዱ ስለ ልጁ ያወራል። ጋሽ ሊቀመንበር ልጁ ከእንቅልፉ የሚነሳው ውሃ ሲደፉበት ብቻ መሆኑን እየነገረን ይስቃል፤ አስከትሎ ዓይኑን ይጠርጋል።

ከዕለታት በአንዱ እሁድ "ማኅበር ያለ ካናቴራ ማኅበር አይባልም" ብሎ ተነሳ። ምን ይጻፍበት የሚለው ብዙ አከራከረን። አንዷ "የመረጃ ተማሪዎች ወላጆች" ስትል ምስጢር መሆኑን አስታወስናት። በመጨረሻ ጋሽ ሊቀመንበር "ስለማይነገረው እንኮራለን" የሚለውን አመጣ። አጨበጨብን።

ባሌ ብቻ "ታዲያ ሰው የማይነገረው ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም?" አለ።

"ሲጠይቁን አንነግራቸውማ! ነገሩ እኮ እሱ ነው" አለው ጋሽ ሊቀመንበር።

ካናቴራው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተሠራ፤ ደረቱ ላይ ጥቁር መነጽር ተስሎበታል።

በዚያው ሰሞን አንዲት ፀጉረ አጭር ልጅ ደንበኛ ሆነችኝ። መታጠብ ብቻ ነው የምትፈልገው። አንገቷን ገንዳው ላይ አጋድማ "እትዬ፣ ልጅ አለዎት?" አለችኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ተጠነቀቅኩ፤ የት እንዳለች ትንፍሽ አላልኩም። የእንስሳት ሕክምና ትማራለች ብዬ አለፍኩት። ስለ ጠባይዋ እንዳላወራ ግን ማንም አልከለከለኝም። ጨለማ እንደምትፈራ፣ አባቷ ሌላ ከተማ ይሠራ በነበረ ጊዜ ትራሷን ይዛ እኔ አልጋ ውስጥ ትገባ እንደነበር፣ ሆደ ባሻ እንደሆነች፣ ያለ እኔ ካልሲዋን እንደማታገኝ ሁሉንም ነገርኳት። እንደዚያ ያለ አድማጭ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። "የእኔም ልጅ እንዳንቺ ጠንከር ብትል" አልኳት እንዲያውም።

ምረቃው በዝግ አዳራሽ ሆነ። ኮሚቴው ካናቴራውን ከውስጥ፣ ኮት ከላይ ለብሶ መጣ፤ የመጨረሻው ተመራቂ ሲጠራ ሁላችንም እኩል ኮታችንን ልናወልቅ ተስማምተናል። አዳራሹ ይፋጃል። ሻለቃው ያንን ዝቅ ያለ ድምፁን ይዞ ተነሳ።

"ተማሪዎቻችን ለልምምድ ከተማ ወጥተው አጠራጣሪ ነገር አጥንተው ይመለሳሉ" አለ። "ዘንድሮ አንዷ ፀጉር ቤት ውስጥ መጋረጃ ጋርዶ የሚሰበሰብ ማኅበር አገኘች። አባላቱ በሙሉ ልጆቻቸው የእንስሳት ሕክምና ይማራሉ። አንድ ዓይነት ካናቴራም አሠርተዋል።"

በዙሪያዬ የኮት ቁልፎች እስከ አንገት ሲቆለፉ ሰማሁ። የጋሽ ሊቀመንበር ኮት የላይኛው ቁልፍ የለውም፤ ኮሌታውን በእጁ ጨብጦ ጣራ ጣራ ያያል። እኔ የታየኝ የልጄ ሻንጣ ነው፤ ቀጥሎም ያ የተዘጋ በር። በገዛ እጄ ገደልኳት ብዬ ከወንበሬ ልነሳ ቃጣኝ። ባሌ ጆሮዬ ስር "ፍሬን ያዢ" አለኝ።

"የማን ልጅ ወሬ እንደወጣ ለማወቅ" ሲል ቀጠለ ሻለቃው፣ "ወላጆቹ ለተማሪዋ ያወሩትን ከተማሪዎቹ ጋር አስተያየነው። አንዱ ልጄ ጠዋት አይነቃም ይላል። አንዷ ልጄ ጨለማ ትፈራለች፣ ሆደ ባሻ ናት ትላለች። እንዲህ ያለ ተማሪ እኛ ዘንድ የለም። ስለዚህ የወጣ ወሬ የለም። ተማሪዋ ጥናቷን የደመደመችው፣ አደገኛ አይደሉም፣ ስለ ልጆቻቸው የሚያውቁት ነገር የለም ብላ ነው።" ወረቀቱን አጠፈና "ይሞቃል፤ ኮታችሁን ማውለቅ ትችላላችሁ" አለን።

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ኮቱን ግን ማንም አላወለቀም። ከተመራቂዎቹ መሃል ፀጉረ አጭሯ ልጅ አየችኝና አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችኝ። ጎኗ የቆመችው ልጄ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ደስ አለኝ፤ አልቅሼም ነበር። ግን ደግሞ ከፋኝ። ወልጄ፣ አጥቤ፣ ፀጉሯን ሠርቼ ያሳደግኳትን ልጅ "የለችም" ተባልኩ፤ ያውም በጭብጨባ መሃል።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ዘጋሁና ልጄን ገንዳው ላይ አጋደምኳት። ውሃውን ለብ አድርጌ ለቀቅኩት።

"ጨለማ አትፈሪም አሉ" አልኳት።

"አልፈራም።"

"መቼ ነው የተውሽው?"

"ፈርቼ አላውቅም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ትራስሽን ይዘሽ ትመጪ የነበረው?"

ዓይኗን ጨፈነች። "አባዬ በማይኖር ጊዜ አንቺ ነበርሽ የምትፈሪው። መብራት አብርተሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ታድሪ ነበር። እኔ ፈራሁ ስልሽ አቅፈሽኝ ትተኛለሽ።"

ሻምፖው እጄ ላይ አረፋ ሆኖ ቀረ። እውነቷን ነው። ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

"ለማን ተናግረሻል?" አልኳት።

"ለማንም። ለማን እናገራለሁ?"

ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሌላ ምንም አልጠየቅኳትም፤ ፀጉሯን ቀስ ብዬ አለቀለቅኩላት። ካስክ ስር ሳትገባ ዝም ያልኩላት የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሷ ናት።