የሄስተር ሎውዳም ሦስተኛው ቅጽ

ትምህርት ክፍላችን የእንግሊዝን ልብ ወለድ አጀማመር የሚያስተምረው «የልብ ወለድ አባቶች» የሚላቸውን ደራሲዎች እየጠራ ነው። አባት ሞልቷል፤ ልብ ወለድ ያለ እናት የተወለደ ይመስል የእናት ስም ግን አይነሳም። ከአብዛኞቹ አባቶች ቀድማ ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ ያሳተመችው ሄስተር ሎውዳም በኮርሱ ውስጥ ያላት አንድ ሳምንት ነው። ያቺንም ሳምንት ያገኘሁላት ተሟግቼ ነው።

ዘንድሮ ያቺም ሳምንት ልትነጠቅ ነበር። ደንባችን እንዲህ ነው፦ ስለ አንድ ደራሲ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ፈተና ላይ የሚያልፍ መልስ የጻፈ ተማሪ ከጠፋ፣ ደራሲው ከኮርሱ ይወጣል። ስለ ሄስተር ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጻፈም። ተማሪ ሞኝ አይደለም። መምህራኑ ራሳቸው በአንድ ሳምንት የሸኟትን ሴት አምኖ ፈተና ላይ አይቀመጥም።

የሦስተኛው ዓመት ፈተና እንዳለቀ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዶሪን የመልስ ወረቀቶቹን ክምር ታቅፋ ቢሮዬ ገባች።

«ደስ ይበልሽ፣ የኔ ቆንጆ። ለአሮጊትሽ አንድ ሰው ተገኝቶላታል።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ አነሰሽ? እኔ አንድ እንኳ ፈላጊ ካጣሁ ስንት ዓመቴ!»

ወረቀቱን እንደቆምኩ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሄስተር ሎውዳም የተረሳችው ሴት ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛውን ቅጽ ስላበላሸችው ነው» ይላል።

ደሜ ፈላ። እንደ ተማሪው አባባል፣ ኬዚያ የተባለችው ባለታሪክ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች ካሰራት አጎቷ ቤት አምልጣ፣ የመርከበኛ ልብስ ለብሳ ዓለምን ስትዞር ቆይታ፣ በሦስተኛው ተመልሳ አጎቷ እግር ሥር ትንበረከካለች። ደራሲዋ በራሷ ድፍረት ደንግጣ ነው ይላል።

ከመቶ ሠላሳ ስምንት ሰጠሁት። ማለፊያው አርባ ነው። ይህ ውጤት ከጸና ሄስተር እንደምትወጣ አውቃለሁ። በስድብ ከምትቆይ ትውጣ!

እኛ ዘንድ እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት መምህራን፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ያርሙታል፤ ከዚያ ተቀምጠው በአንድ ውጤት ይስማማሉ። የዚህ ወረቀት ሁለተኛ አራሚ ፕሮፌሰር ክሪስፒን ሃላም ነበር። ሃላም የሄስተርን ሳምንት ለአንድ ተጨማሪ አባት ሊሰጥ ሲጎመጅ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ወዲያው ተስማምተን እንደምንለያይ አልተጠራጠርኩም።

በማግስቱ ቢሮው ስገባ ሻይና ብስኩት ቀርቧል።

«ስንት ሰጠሽ፣ ኦድሪ?»

«አንተ ቅደም።»

«ሰባ ሁለት።»

«ትቀልዳለህ?»

«አንቺስ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ሃላም ሻዩ ውስጥ የነከረውን ብስኩት ረሳው፤ ግማሹ ተቆርሶ ሰመጠ።

«አብደሻል? በዚህች ሴት ስንት ዓመት ጆሯችንን ስታደነቁሪ ኖረሽ፣ አሁን የሚያተርፋትን ተማሪ ትጥይዋለሽ?»

«ሰድቧታላ!»

«አልሰደባትም፤ አነበባት እንጂ። እውነቱን መሆኑን ለማጣራት እኔም ሦስተኛውን ቅጽ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።»

«እስከ ዛሬስ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሁለተኛው ላይ አቁሜ ነበር።»

«ሁለተኛው ላይ! ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ‘አነስተኛ ደራሲ ናት’ ስትል የኖርከው መጽሐፉን ሳትጨርስ ነው?»

«ጩኺ፣ ይገባሻል። ግን ስሚኝ፤ ይሄ ተማሪ ተሳስቷል። አጎትየው እኮ ዓይነ ስውር ሆኗል! ኬዚያ የተንበረከከችው ከወገቡ ላይ ቁልፍ ልትፈታ ነው። ይቅርታ የምትጠይቀው እንዳይነቃባት ነው።»

«ቁልፉን ከገረዲቱ ተቀብላ የለም እንዴ? ባለፈው ምዕራፍ!»

«እሱ የጓዳው ነው!»

«የቱ ጓዳ? አምጣው መጽሐፉን!»

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ተፋጠጥን። ሃላም ፊቱ ቀልቷል። ይህ ሰው ስለ ሄስተር ሲናደድ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ አንድም ይንቃት፣ አንድም ለእኔ ሲል ያዝንላት ነበር። አባቶቹን በየዓመቱ የሚዘነጥል ተማሪ አይጠፋም፤ ስለተዘነጠሉ ከኮርሱ ይውጡ ያለ ግን የለም። ሄስተር ያጣችው አዛኝ አይደለም፤ አንብቦ የሚጣላላት ሰው እንጂ። አዛኝማ እኔ ነበርኩላት።

ወረቀቱን ሳብኩና ሠላሳ ስምንቱን ሰርዤ ሰባ ሁለት ጻፍኩ።

«የተማሪው ሐሳብ ስህተት ነው» አልኩት። «የአንተ ደግሞ ይብሳል። ለከርሞ ሦስት ሳምንት እፈልጋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቅጽ አንድ።»

«ሁለት ይበቃሻል።»

«ሦስት!»

«እሺ፣ ሦስት። የመጨረሻውን ቅጽ ግን እኔ ነኝ የማስተምረው።»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»