የታገደ ሰው በበር ይመጣል

ኡስታ ማሐካምን ያገድኳቸው እኔ ነኝ። ማንንም አልከስም፤ ደንቡንም የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። በኡዝቤኪስታን፣ ማርጊላን ከተማ፣ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያዘው ነገር ያስፈልገዋል፤ ሚስቴ ሳልተናት ደግሞ አልታዘዝ አለችኝ። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ስለ ኦሽ፣ ስለዚያ በካሮትና በበግ ሥጋ ስለሚሠራው ሩዛችን፣ የሚወራበት መድረክ ከፈትኩ። አራት ሺህ ሰው ገባ፤ እኔም ሃያ ሁለት ደንብ አወጣሁ።

ደንብ ሰባት የሰውን ኦሽ «ሻቭላ» ብሎ መጥራት ይከለክላል። ሻቭላ ውሃ በዝቶበት የላቆጠ ሩዝ ነው። ለታመመ ሰው ጥሩ ነው፤ ኦሽ ሠራሁ ብሎ ለተኮፈሰ ሰው ግን እናቱን እንደ መስደብ ነው። ኡስታ ማሐካም በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ሰው እንዲህ ሰደቡ።

ኡስታ የምንላቸው የሙያው አዋቂ ስለሆኑ ነው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አምሳ ዓመት ሙሉ የከተማውን ሠርግ ያበሉ እሳቸው ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ድስቱን ለሌላ አስረከቡ፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ ሚስታቸው ሞቱባቸው። የቀራቸው ስልካቸውና የእኛ መድረክ ብቻ ነበር። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም ያገድኳቸው።

ነገሩን የጨረሰው ባሕሮም የሚባል የታሽከንት የጥርስ ሐኪም ነው። እሑድ እሑድ ኦሽ እየሠራ ፎቶውን ይለጥፋል። ያን ቀን ከላዩ ላይ ሮማን ፈልቅቆ በትኖበታል። ኡስታ «እስቲ ሮማኑን አንሱለት፣ ከሥር ያለውን ሻቭላ እንየው» ብለው ጻፉ። ባሕሮም «ሽማግሌ ጅብ» ብሎ መለሰና ከመድረኩ እወጣለሁ ብሎ ዛተ። የድሮ ተማሪዬና አሁን በቁጥጥሩ የምትረዳኝ ዙልሑመር ደወለችልኝ።

«መምህር፣ ሦስቴ አስጠንቅቀናቸዋል። ደንብ ደንብ ነው።»

የእገዳውን ቁልፍ ተጫንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡስታ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችሉም፤ ለዘላለም።

በማግሥቱ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ኡስታ በአንድ እጃቸው ዳቦ፣ በሌላው የተማሪ ደብተር ይዘው ቆመዋል።

«እዚያኛውን ዘጋህብኝ» አሉኝ። «ይኼንንም ዝጋው እስቲ።»

እንግዳ ከበር አይመለስም፤ ዳቦ ይዞ የመጣማ ጭራሽ አይታሰብም። ሳልተናት ከጓዳ ሆና «ኡስታ ናቸው? ይግቡ እንጂ! አንተ ሰው፣ ምን ደጅ ታስቆማቸዋለህ?» አለች። ገቡ። ደብተሩን ገልጠው ለመድረኩ የጻፉትን አንድ በአንድ አነበቡልኝና ለጥፍልኝ አሉ። የታገደን ሰው ቃል ሌላው አይለጥፍም ይላል ደንብ ዘጠኝ፤ እንቢ አልኩ። ሻይ ጠጡ፣ ምሳ በሉ፣ ወደ ማምሻው ሄዱ። በማግሥቱ መጡ። በማግሥቱም መጡ።

በስድስተኛው ቀን ሳልተናት ሽንኩርት እየላጠች «ለዘላለም ነው ያገድካቸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ለዘላለም ምሳ አብስዪ በለኛ።»

መድረኩ በበኩሉ ጨዋ ሆነ። ከመጠን በላይ ጨዋ ሆነ። አንዲት የናማንጋን ከተማ ሴት ከሥሩ ያረረ ኦሽ ለጥፋ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ብትጠይቅ ስልሳ ሰው «እጅሽ ይባረክ» አላት። መልስ የሰጣት የለም። መልሱ ያለው በኡስታ ደብተር ውስጥ ነበር፤ «ይኼ የአህያ መኖ ነው። ሩዙን ስትከድኚ እሳቱን ለምን አልቀነስሽም፣ ችኩል!»

ሴትዮዋ አሳዘነችኝ። ደንቤን ጥሼ በራሴ ስም ጻፍኩላት፤ «እኅቴ፣ በጣም ያምራል፤ ምናልባት ሲከድኑት እሳቱን ትንሽ ቢቀንሱት።» ምስጋና ጎረፈ። «መምህር፣ ምን ዓይነት ዕውቀት ነው!» አሉኝ። ምስጋናው ጣመኝ፣ አልዋሽም። በየቀኑ ከደብተሩ እየቀዳሁ፣ ስድቡን እያጠብኩ እለጥፍ ጀመር።

ማክሰኞ ዕለት ኡስታ መጥተው አልቀመጥም አሉ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«ይኼ የማነው?»

«የእርስዎ ነው ኡስታ። ትንሽ አለዘብኩት እንጂ።»

«የኔ አይደለም። አፌን ስትዘጋው ዝም አልኩህ። አሁን ደሞ የራስህን ምላስ ከተትክበት።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እዚያ ሰው ይሰድበኛል፣ መምህር። ያ ጥርስ ነቃይ ጅብ ብሎኛል። ቤቴ ስገባ ግን ማንም ምንም አይለኝም። ገባህ?»

ደብተሩን እዚያው ትተው ሻይ ሳይቀምሱ ወጡ። ሦስት ቀን ሙሉ በሩን የነካው የለም። ሳልተናት በምሳ ሰዓት የእሳቸውን ሲኒ ታስቀምጥና መልሳ ታነሳዋለች። አፈርኩ። በሌላ ሰው ሳይሆን በራሴ አፈርኩ።

በአራተኛው ቀን ደብተሩን ገለጥኩ። የመጨረሻው ገጽ ለባሕሮም የተጻፈ ነበር። ሳላጥብ እንዳለ ገለበጥኩት፤ «ሐኪም ሆይ፣ አሁንም ሻቭላ ነው። ጥርሱን ከነቀልክለት ሰው በቀር ማንም አይበላውም። ውሃውን ቀንስ።» ከሥሩ የራሴን ጨመርኩ፤ «ይህን ያሉት ኡስታ ማሐካም ናቸው። ሰሞኑን ያመሰገናችሁኝም ሁሉ የእሳቸው ነው፤ እኔ ሩዝ ማጠብ እንኳ አላውቅም።»

ዙልሑመር ወዲያው ደወለች።

«መምህር፣ ደንብ ሰባትና ደንብ ዘጠኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ስንት ቀን ነው?»

«ለመጀመሪያ ጥፋት አሥራ አምስት ቀን ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲያጠፋ ግን ቅጣቱ እጥፍ ነው ይላል። አንድ ወር።»

«እንዲህ ያለውን ደንብ የጻፈው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት» አለችና አፍራ፣ አዝናም አገደችኝ።

ዳቦ ገዝቼ ኡስታ ደጅ ሄድኩ። ከማንኳኳቴ በሩ ተከፈተ፤ ስልኩ በእጃቸው ነው። ሰላምታም አልሰጡኝ።

«አየኸው? ያ ጥርስ ነቃይ መለሰልኝ።» ጮክ ብለው አነበቡት። «ኡስታ፣ ቅዳሜ የልጄ ሠርግ ነው፣ ሁለት መቶ ሰው ጠርቻለሁ። እዚህ ሁሉም ያምራል ይለኛል፤ ሻቭላ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ውሃውን ስንት ልቀንስ?» ስልኩን ገፋ አደረጉልኝ። «በል መልስለት።»

«ታግጃለሁ።»

«አንተም?»

«እኔም።»

«ልጅቷ ትጻፍለታ።»

«ደንብ ዘጠኝ።»

«ስልክ ቁጥሩን ትስጠን።»

«የአባልን ቁጥር ለታገደ ሰው መስጠት ክልክል ነው። ደንብ አሥራ አራት።»

ኡስታ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። «አንተ ሰው፣ ተማሪዎችህ እንዴት ቻሉህ?» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ቆባቸውን አጥልቀዋል፤ እጀታው ረጅም የሆነውን የሠርግ ጭልፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ከአራት ዓመት ወዲህ ያን ጭልፋ ከግድግዳ ሲያወርዱት አላየሁም።

«የታሽከንት ባቡር ስንት ሰዓት ነው?»

«ኡስታ፣ አድራሻውን አናውቅም። ታሽከንት ውስጥ ስንት የጥርስ ሐኪም እንዳለ ያውቃሉ?»

«በየበሩ እየገባሁ፣ ያ ሻቭላ የሚሠራው አንተ ነህ ወይ እላለሁ» አሉኝ። «ይህን ሲሰማ የተናደደው እሱ ነው። ዳቦውን ያዝ፣ እንሂድ።»