እጁን ታጥቦ የወጣ ሰው

አዘዞ ከየሻው ወፍጮ ቤት ገብቶ በዝግታ ያወራ ሰው የለም። ወፍጮው አያስወራም። በርበሬም ይፈጭ ጤፍ፣ ገበያተኛው የሚፈልገውን ጮኾ ይናገራል፣ የሻውም ጮኾ ይመልሳል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ድምፁ አይወርድም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ራት ሲጠይቅ ጎረቤት የተጣላ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ መናገር በሚገባው ቀን ዝም ያለው፤ ያችን ዝምታውንም ይኸው እስካሁን ሲያመነዥካት ይኖራል።

ነገሩ የሆነው ዳኛው የሚባለው አማቹ ልጁን የዳረ ዕለት ነው። ዳኛው የየሻው ሚስት የዓይናዲስ ታላቅ ወንድም ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ መሬትም ከብትም ያለው፣ ሲናገር የሚደመጥ፣ ሲያዝ ቀና ብሎ የሚያየው የሌለ ሰው። የሻው የሠርጉን እህል እንዳለ ፈጭቶ፣ አስጭኖ ልኮ፣ በዕለቱም አዲስ ጋቢውን ደርቦ ዳሱ ውስጥ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። እንጀራው ከፊቱ ተዘረጋ። አሳላፊው ወጡን እያወጣ ወደ እሱ ሲቃረብ ዳኛው ከጎንደር የመጣ አንድ ባለማኪና እንግዳ አስከትሎ ከተፍ አለ። ዳሱ ጢም ብሏል። ዳኛው ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ቃኘና ዓይኑ የሻው ላይ አረፈ።

«የሻው፣ አንዴ ብድግ በልልኝ» አለው፤ «አንተ ቤተኛ ነህ።»

ብድግ አለ። ያን ያህል ሰው እያየው ምን ያድርግ? ባለማኪናውም ቦርጩን አመቻችቶ ተቀመጠና ለየሻው ከተዘረጋው እንጀራ ቆረሰ። ማኪና ያለው ሰው የማን እንጀራ ነው ብሎ አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ የሻው ከዳኛው ቤት እህል ቀምሶ አያውቅም። በዓል ሲመጣ ሚስቱን ይልካል፤ እሱ ሁልጊዜ ወፍጮው ተበላሽቶበታል። ዳኛው «ምነው የሻው ቀረ?» ሲላት ዓይናዲስ «ወፍጮው» ትላለች፤ ዳኛውም ይህን ወፍጮ ሸጣችሁ ሌላ ግዙ እያለ ይመክራታል። ሰውየው ነገሩ ከነመፈጠሩም ትዝ አይለው። የሻውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ሰድቦት ቢሆን ስድቡን ያስታውስለት ነበር።

የዚያን ቀን መመለስ የነበረበትን መልስ የሻው እህል እየፈጨ ያሰናዳዋል። ሞተሩ ስለሚያጓራ ማንም አይሰማውም። መጀመሪያ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። እያደር የዳኛው አባት ደግነት ገባበት፣ የባለማኪናው ቦርጭ ገባበት፣ ስለ ሀብትና ስለ ሞት አንድ ቁራጭ ተጨመረበት። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ለተወ ሰው ሸጋ ንግግር ነበር፤ ከተማሩት ስንቱ አፉን ይዞ ይቀር ነበር። የጎደለው የሚናገሩበት ቦታ ብቻ ነው።

ቦታውን ሰልማ አመጣችው። ሰልማ የሐዲጃ ልጅ ናት። ሐዲጃ ደግሞ ከወላጆቿ የተረከበችውን የእህልና የቅመም ንግድ ጎንደር ላይ የያዘች፣ ጆንያዋን ከየሻው ሌላ ለማንም ወፍጮ የማታምን ነጋዴ ናት። ልጅቱ ቲያትር ተምራ ከጓደኞቿ ጋር ድራማ ትሠራለች። ለአዲስ ዓመት በቴሌቪዥን የሚተላለፍ አጭር ድራማ ልትሠራ መሆኑን፣ ታሪክም ከአገሬው እያፈላለገች መሆኑን ሐዲጃ በርበሬ ስታስፈጭ ለየሻው ጮኻ ነገረችው።

የሻው መጻፍ አይሆንለትም። ታሪኩን በስልኩ እየቀዳ በቴሌግራም ላከላት፤ ወፍጮው ከኋላው ያጓራል። አንድ ሰው ነበር ብሎ ጀመረ። ሰውየው ሠርግ ተጠርቶ ሄደ፣ ለባለማኪና ተነሥ ተባለ፣ ተነሣና ዳሱ መሃል ቆሞ አማቹን በንግግር ልክ አስገባው። ከታሪኩ ንግግሩ ይረዝማል። ሰልማ አዳምጣ ስትጨርስ ደወለችና ታሪኩን ወድጄዋለሁ አለችው። ስለ ንግግሩ ምንም አላለችም፤ የሻው ግን ደስታው ጆሮውን ደፍኖት ይህን ልብ አላለም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሻው ሌላ ሰው ሆነ። ዳኛው ቤት ዲሽ አለ። አዲስ ዓመት ሲመጣ ዘመድ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ድራማ ያያል። ዳኛው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዘመዱ መሃል ተቀምጦ መልሱን ከዳር እስከ ዳር ይሰማታል፤ ሰው ሲናገር ማቋረጥ የለመደ ሰው ቴሌቪዥንን ግን አያቋርጥም። የሻው ይህችን ብቻ ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

ቀረጻው ቀሐ አካባቢ፣ የሰልማ አክስት ግቢ ውስጥ ነበር። ዳስ ተጣለ፤ የሰፈሩ ሰው ሠርገኛ ሆኖ ተደረደረ። የሚበላ ስላለ ተዋናይ አልጠፋም። ተነሥ የሚባለውን ሰው የሚጫወተው አምሐ የሚባል የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ሲቆም የዳሱን ጣሪያ ሊነካ ትንሽ የሚቀረው። ለየሻው ጥግ ላይ ዱካ ሰጡትና ተቀመጠ።

አምሐ ንግግሩን በደንብ አጥንቶታል፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ሠርገኛው መጀመሪያ አዳመጠው። ቀጥሎ እርስ በርሱ ተያየ። ስለ ሀብትና ስለ ሞት ሲደርስ አንዲት ሴትዮ ቆረስ አድርገው ጎረሱ። ሰልማ ቀረጻውን አስቆመች፤ ሴትዮዋም ወጡ እየቀዘቀዘ ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እንደገና ተጀመረ። አሁን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ያዛጉ ጀመር። ሲደጋገም አማቹን የሚጫወተው ሰው እየተሰደበ መቆሙ ሰልችቶት አንገቱን ደፋ፤ አንገቱን ሲደፋ ደግሞ ተበዳዩ እሱ መሰለ፣ አምሐ ነገረኛ መሰለ። ከሠርገኛው መሃል አንዱ፣ ድራማ መሆኑን ረስቶ፣ «ተወው በቃ፣ የሰው ሠርግ አታበላሽ» አለ።

ሰልማ ለሰዉ ብሉ አለቻቸውና የሻውን ከዳሱ ውጭ ወሰደችው።

«ጋሽ የሻው፣ ሰውየው እርስዎ ነዎት አይደል?»

የሻው ሊክድ አሰበና ተወው።

«ያን ቀን አማችዎን ምን አሉት?»

«ምንም» አለ የሻው። ከአፉ እንዲህ ቀስ ያለ ድምፅ ሲወጣ ራሱም ደነቀው።

ከዚያ ለሚስቱ እንኳ ነግሮ የማያውቀውን ነገራት። የዚያን የሠርግ ቀን ከዳሱ በር ውጭ ለሁለተኛው ዙር የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ነበር። በዚያ በር የሚወጣ ሁሉ በልቶ የሚወጣ ነው። የሻው ሳይበላ መነሣቱን እንዳያውቁበት፣ በር ላይ ከተቀመጠው ባለቧንቧ ጀሪካን እጁን ዳግመኛ ታጠበ፤ እንደ ጠገበ ሰው እየተዝናና፣ ጣት ጣቱን እየፈተገ። ከአጥሩም ስንጥር ሰበረና ጥርሱን እየጎረጎረ በመሃላቸው አለፈ። አንዱ ወጡ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀው። ሸጋ ነው አለው።

 ሰልማ ሄዳ ካሜራውን ወደ ዳሱ በር አስዞረች።

የሻው የተሠራበት ነገር የገባው አምሐ አንዲት ቃል ሳይናገር ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ ሲል ነው። ንግግሩ ወጥቷል። ከነዳኛው አባት፣ ከነቦርጩ፣ እንዳለ ወጥቷል። ያን ጊዜ በወፍጮ ቤት ድምፁ ጮኸ። የተማረ ሰው ያልተማረን እንዲህ እንደሚንቅ ድሮም እንደሚያውቅ፣ ስሙን ከድራማው እንድታወጣለት፣ የእናቷንም በርበሬ ከእንግዲህ እንደማይፈጭ ነገራት። ሰልማ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እናቴ ገበያ ላይ ዋጋ የሰበረባትን ሰው ስትሰድብ ሰምተው ያውቃሉ?» አለችው።

አልሰማም። ሐዲጃ ሰው አትሰድብም። ዋጋው ካልጣማት ዝም ብላ የጆንያዋን አፍ ትቋጥራለች፤ ገዢው ያን ቋጠሮ ሲያይ ነው የሚደነግጠው። የሻው ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ግን ለሰልማ አምኖ ሊነግራት አልወደደም።

«አማችዎን በንግግር ከጠየቁት መልስ ይፈልጋል» አለች ሰልማ። «መልስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚያፍርበት ጊዜ የለውም።»

የሻው አላመናትም። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሚኒባስ ይዞ፣ እንደተኮሳተረ አዘዞ ገባ። ከዚያ በኋላ ስትደውልለትም ስልኩን አላነሣም።

አዲስ ዓመት ሲደርስ የሻው አንድ ነገር ቆረጠ። ዳኛው ቤት ይሄዳል፤ ያቺ ልጅ የሠራችው ድዳ ድራማ ይታያል፤ ዳኛውም ምንም ሳይገባው ሲስቅ የሻው ይነሣና ንግግሩን በገዛ አፉ፣ ዘመድ ሁሉ እየሰማው ያወርድለታል። ጧት ተነሥቶ ልብሱን ሲለብስ ዓይናዲስ አፏን ከፍታ አየችው።

«ወፍጮውስ?» አለችው።

«ተሠራ» አላት።

አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ዳኛው አቅፎ ሳመው፤ ግቢውም ቤቱም በዘመድ ሞልቷል። ዳኛው ቴሌቪዥን ሲያይ አፉ አይዘጋም። ተዋናዩን ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ መጨረሻውን አስቀድሞ ይናገራል፤ ቆሎውንም ያንኑ ያህል ያደቅቃል። ድራማው ሲጀምር የየሻው ስም ከነአባቱ ተጽፎ ወጣ፤ ሰልማ አልሰረዘችውም ነበር። ዳኛው ጭኑን ቸብ አድርጎ መታ። አማቼ እኮ ነው፣ ለካ ወፍጮ ቤት ተደብቆ ይህን ነው የሚሠራ እያለ ለሁሉም አሳወቀ። የሻው ንግግሩን በልቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ጊዜ አሄደው። አልጠፋበትም።

ዳሱ መጣ። ባለማኪናው መጣ። ዳኛው ይህ ቦርጫም ደግሞ ከየት የመጣ ነው ብሎ ሳቀ። ሰውየው ተነሥ ተባለ፣ ተነሣ። ካሜራው አብሮት አልሄደም፤ ያልተቆረሰው እንጀራ ላይ ቆየ፣ የሌላ ሰው እጅ መጥቶ እስኪቆርሰው። ቀጥሎ የዳሱ በር ታየ። ሰውየው እጁን ይታጠባል። ንጹሕ እጁን፣ ወጥ ያልነካውን እጁን፣ ይፈትጋል። ሙዚቃ የለ፣ ንግግር የለ። ከአጥሩ ስንጥር ሰበረ። የቆመው ሰው እያየው፣ በባዶ አፉ ጥርሱን ጎረጎረ። ካሜራው ፊቱ ላይ ቆመና አልሄድ አለ።

የዳኛው አክስት እትዬ ታየች «ድምፁ ጠፋ እንዴ?» ብለው ሪሞቱን መፈለግ ያዙ። ማንም አልመለሰላቸውም። ከቴሌቪዥኑ የጀሪካኑ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር።

የሻው ድራማውን አላየም፤ የሚያየው ዳኛውን ነው። ዳኛው አንድ ነገር ሊናገር ከፍቶት የነበረው አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። ቆሎ የያዘው እጁ ጉልበቱ ላይ ተመልሶ አረፈ። ማስታወቂያ ሲጀምር ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣ። የሻውም ተከተለው፤ ንግግሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው።

ዳኛውን ከብቶቹ በረት አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ አገኘው።

«አልበላህም» አለ፣ ሳይዞር።

«አልበላሁም።»

ዳኛው የበረቱን አጥር ያዘ። «በር ላይ ስንጥር ይዘህ አይቼሃለሁ እኮ። ሸጋ፣ ሌላ ቦታ አስቀምጠው አብልተውታል ብዬ ተደሰትሁ። ከዚያ በኋላ አሳቤም ላይ አልነበረም።»

የሻው በር ላይ የቆሙትን እንግዶች ሊሸውድ መታጠቡን ያውቃል። ዳኛውም ከእነሱ ጋር እንደተሸወደ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ለአንድ አፍታ እንኳ አስቦት አያውቅም። ንግግሩ የሚጀምረው «መራቤን በዓይንህ እያየህ» ብሎ ነው። ያቺ ስትወድቅ ከኋላዋ ያለው ሁሉ የሚቆምበት አጣ። ቢሆንም ጨርሶ ሊለቀው አልሆነለትም።

«አስነሥተኸኛል ግን፣ አያ ዳኛው።»

«አስነሥቼሃለሁ» አለ ዳኛው። ቦታ ጠፍቶ ነው አላለም። ቤተኛ ስለሆንህ ነው አላለም። ዞሮ አየው፤ ፊቱ የሻው በወፍጮ ቤት ሲያስበው እንደኖረው አልነበረም፤ ያረጀ፣ የደከመ ፊት ነበር። «ለማን ብዬ እንዳስነሣሁህ እንኳ ጠፋኝ። ማን ነበር ያ ሰውዬ?»

የሻው ያውቀዋል። ስሙን ከነአያቱ ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቱን ያውቃል፣ የማኪናውን ቀለምና ታርጋ ያውቃል። ዳኛው መልሱን እየጠበቀ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

«እኔም ረሳሁት» አለው።

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነው ግን አይመስልም። ከውስጥ እትዬ ታየች ማስታወቂያው አልቋል ብለው ተጣሩ፤ ሁለቱም ገብተው ተቀመጡ። ዳኛው ከዚያ ወዲያ ድራማው እስኪያልቅ ማንንም አልመከረም፣ ማንንም አልገሠጸም፣ መጨረሻውንም አልተናገረም። ቤተ ዘመዱ መተያየት ሲጀምር እትዬ ታየች ጠጋ ብለው ግንባሩን ዳበሱትና አሞሃል እንዴ አሉት።

«ደህና ነኝ» አላቸው። «ድራማ እያየሁ ነው።»