ፒክአፕዋን የሚገፋት ሰው

«እና ይቺ መኪና ትጠገን ወይስ ትሸጥ?» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ለቀስተኛው እስኪሳሳ እንኳ ሳይጠብቅ። «እኔ ሸጠሽ ሌላ ግዢ ባይ ነኝ። ስድስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ብረት ምኑ ይጠገናል?»

ጥያቄው ለሟቹ ሚስት፣ ለልብስ ሰፊዋ ነበር። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እሷ ግን አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ አልወጣትም። ጎረቤቶቿ «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ!» እያሉ ይጎተጉቷታል።

«ትቆራረጥ» አለች ድንገት። «እሷ ናት የገደለችው።»



ፒክአፕዋ በቁልፍ መነሳት ካቆመች ዓመት አልፏት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሚስት መሪ ትይዛለች፣ ባል ከኋላ ይገፋል። መኪናዋ ስትነሳ ታዲያ እያለከለከ «አላልኩሽም? ገና ታገለግለናለች!» ብሎ ይኩራራል፤ አንጀቷን የሚያሳርራትም ይኸው ኩራቱ ነበር። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ «ወይ ሌላ ግዛ፣ ወይ ብቻህን ግፋ!» ብላ ጮኸችበት። ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ አመሸ፤ ተኳርፈው አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ከግቢው ሦስት ጊዜ ክላክስ አደረገላት። «ይልፋ!» ብላ ስፌቷን ቀጠለች። ቆይታ ስትወጣ መኪናው ውስጥ ሞቶ አገኘችው። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ልብስ ሰፊዋ ግን ብቻውን ሲገፋ ልቡ ደክሞ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ እንደሞተ እርግጠኛ ነበረች። ክላክሱን እየሰማች እንደቀረች ለማንም አልተነፈሰችም።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ መጣ፤ የባሏ የረጅም ዘመን ወዳጅ ነው። ፊቱን በመሐረብ ሲጠርግ ቆይቶ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ለመሆኑ ቁልፉን አዞርሽው?»

«የምን ቁልፍ?»

«አልነገረሽም? የተጣላችሁ ዕለት ከሰዓት አዲስ ሞተሪኖ ገጠምንላት እኮ! መግፋት ቀረ፤ ቁልፉን ነካ ስታደርጊው ትነሳለች። ‹ማታውኑ ንገራትና ታረቁ› ብለው፣ ‹የለም፣ ጠዋት ራሷ አዙራው ትደንግጥ› አለኝ። እየሳቀ ነበር የሄደው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ሬሳውን ያገኘችው ከሹፌሩ ቦታ ሳይሆን ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ ነበር፤ እዚያ ምን ሊሠራ እንደተቀመጠ ማንም አልገባውም።

«ቦታውን ለቆልኝ…» አለች። «እየጠበቀኝ ነበር።»

ሦስት ቀን የተሸከመችው ጥፋት ወደቀላት፤ ከሱ የባሰ ተተካ። ብድግ ብላ ወደ ግቢው ወጣች። የባሏ ወንድም ተከተላት።

«ተረጋጊ እህቴ፣ የመኪናዋን ነገር ሌላ ቀን እንነጋገራለን።»

«አትሸጥም!»

መሪው ፊት ተቀምጣ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ የኋላ መስታወቱን አየች፤ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ እንደየጠዋቱ ተጣራች።

«ተነሳች! በቃህ፣ አትግፋ!»