ፀደንያ ተኛች

ጥፋቱ የመምህርት ሥራነሽ ነው፤ እሷም አልካደችም። ነገሩን ስታወራው ግን "ደግ የሠራሁ መስሎኝ እኮ ነው" ትላለች፤ እስቲ እኛም እንመናት።

ሥራነሽ ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ለልጆቹ የመጡት የተረት መጻሕፍት ስለ ባቡርና ስለ ባሕር የሚያወሩ ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ "እንዳይቀደዱ" ተብሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ወይ ጉድ፣ መጽሐፍ ከልጅ ይቆለፋል? እሷም ማርቆስ ከተማ ለሥልጠና ሄዳ "መምህር ራሱ መጽሐፍ መሥራት ይችላል" ሲባል ሰማችና፣ እንደተመለሰች አሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ በማርከር እየጻፈች፣ እየሣለች፣ በመርፌና ክር አንድ መጽሐፍ ሰፋች። ክፍሏ ጥግ ሲባጎ ወጥራም በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችው።

ልጆች የሚያውቁትን ነገር ማንበብ ይወዳሉ ብላ የጻፈችው ሁሉም የሚያውቀውን ነው። ፀደንያ የምትባል ተማሪዋ አንድ ቀን ዴስክ ሥር እንቅልፍ ወስዷት፣ ዘበኛው ሳያያት ክፍሉን ቆልፎባት ሄደ። አገሩ በሙሉ "ፀደንያ! ፀደንያ!" እያለ ወንዝ ለወንዝ ሲፈልጋት ዋለ። ማምሻውን ልጅቱ ዓይኗን እያሸች በመስኮት ብቅ ስትል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሥራነሽ ይህን ስትጽፍ ስሟን እንኳ አልቀየረችም፤ ርዕሱንም "ፀደንያ ተኛች" አለችው። "ስሟን መጽሐፍ ላይ ስታይ ደስ ይላታል" አለች።

እውነትም መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ውሃ ስትቀዳ "ፀደንያ ተኛች!"፣ ኳስ ስትይዝ "ፀደንያ ተኛች!"፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ከኋላዋ ጎሸም እያደረጉ "ፀደንያ ተኛች!" ሆነ። ፊደል አልገባ ብሏቸው የነበሩት ሁሉ በዚያ መጽሐፍ ማንበብ ቻሉ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ደመላሽ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። አንድ የረድኤት ድርጅት መጥቶ አየውና በፎቶ ኮፒ አባዝቶ በዙሪያው ላሉ ትምህርት ቤቶች በተነው። ሥራነሽ የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ፀደንያ ከትምህርት ቤት ቀረች።

ሥራነሽ ደነገጠች። ሲባጎው ላይ ያለውን አውርዳ ቀደደችው። ልጆቹ በማግስቱ በደብተር ወረቀት ጽፈው፣ ሥዕሉን ሳይቀር ሥለው መልሰው ሰቀሉት። መጻፍ ያስተማረቻቸው ማን ሆነና!

ሁለት ሳምንት ጠብቃ ልጅቱ ቤት ሄደች። እናትየው የኔአለም ሁለት መንታ ሕፃናት ከግራና ከቀኝ አቅፋ ተቀበለቻት።

"ፀደንያ የለችም?" አለች ሥራነሽ።

"ጓሮ ናት። እርስዎን ስታይ ሸሸች።" የኔአለም እንድትቀመጥ ዱካ ሳበችላት። "መምህርት፣ ልጄ እንቅልፋም አይደለችም። እነዚህን ስወልድ ደም ፈሶኝ ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር። ሌሊቱን አንዱን አቅፋ የምታድረው እሷ ነበረች። ሲነጋ ደግሞ ትምህርት እንዳያመልጣት ትሮጣለች። ያች ልጅ እርስዎ ጋ ስትደርስ ብትተኛ ምን ይገርማል?"

"ምነው ታዲያ አልነገራችሁኝ?"

"መች ጠየቁ?"

ሥራነሽ አፈረች። የምስክር ወረቀት ሲሰጣት፣ ጭብጨባ ሲጨበጨብላት፣ ያቺ ልጅ እዚህ ጭር ያለ ጓሮ ተሸሽጋለች።

"ለማንኛውም ሰኞ ይጁቤ ያለችው እህቴ ጋ ትሄዳለች" አለች የኔአለም። "መሸኛዋንም አቶ ደመላሽ ሰጥተውናል። እዚያ ማንም አያውቃትም። እዚያም እምቢ ካለች እንግዲህ በቃ፣ እቤት ቁጭ ብላ መንታ ታሳድግ።"

ያንን መሸኛ በእጇ የሞላችው ሥራነሽ ናት፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልጠየቀችም ነበር። ይጁቤ! መጽሐፉ እኮ እዚያም አለ። ይህን አሁን ብትናገር እናትየው ልጅቱን አትልክም። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቱ ሮጣ ሮጣ እዚያው ወጥመድ ውስጥ ልትገባ ነው። ሥራነሽ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች።

ሰኞ አሞኛል ብላ ቀረች። በጠዋቱ ከአምበር ማርቆስ፣ ከማርቆስ ይጁቤ፣ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር "ኧረ በእግዚአብሔር ሂድ!" እያለች ሹፌሩን ስትጨቀጭቀው ደረሰች። የይጁቤ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነፊሳ ከማርቆሱ ሥልጠና ጀምሮ ወዳጇ ናት።

"ሥሬ! አንቺ ልጅ፣ በደህና ነው?"

"ያንን መጽሐፌን ስጪኝ። አትጠይቂኝ፣ ብቻ ስጪኝ።"

ነፊሳ ግራ እየገባት ከሲባጎው ላይ አውርዳ ሰጠቻት። ጠርዙ በልጆች ጣት አልቋል። "ውሰጂው፣ ምን ቸገረኝ፤ ልጆቹ እንደሆነ በቃላቸው ይዘውታል" ብላ ወደ ተማሪዎቿ ዞረች። "ልጆች፣ የመጽሐፋችን ደራሲ መጥታለች! ገጽ አንድ!"

"ተይ!" አለች ሥራነሽ። ማን ሰምቷት!

"ደወሉ ተደወለ! ፀደንያ ተኛች! በሩ ተዘጋ! ፀደንያ ተኛች!" ስልሳ ልጅ ባንድ አፍ ጮኸ።

በሩ ላይ ፀደንያ ቆማለች። አክስቷ ቢሮ መሸኛውን ስታስመዘግብ "ከአምበር የመጣች አዲስ ተማሪ ናት" ብሎ ዘበኛው ነው ወደ ክፍሉ ያመጣት። አዲስ ቦርሳ ይዛለች፤ ፀጉሯ ተሠርቷል። አልሮጠችም፤ ወዴትስ ትሮጣለች? ስልሳው ልጅ ዞሮ አያት።

"ነይ ግቢ የኔ ቆንጆ" አለች ነፊሳ። "ስምሽ ማነው?"

ልጅቱ መጀመሪያ በሥራነሽ እጅ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየች። ቀጥላ ሥራነሽን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ዓይኗ ውስጥ እንባ አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም፤ አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች።

"መቅዲ" አለች።

ነፊሳ ወደ ሥራነሽ ጠጋ ብላ "ከእናንተ አገር የመጣች አይደለችም? ታውቂያታለሽ?" አለቻት።

ሥራነሽ መጽሐፉን ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

"አውቃታለሁ፤ መቅዲ ናት" አለች። "መሸኛዋ ላይ ሌላ ስም ታያለሽ። እሱን በስህተት የጻፍኩት እኔ ነኝ።"