ያልተቀመሰው ቅቤ

ቅቤ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያሸታል፤ ቀጥሎ በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ በመጨረሻ በጣቱ ጫፍ ቆንጠር አድርጎ ይልሳል። ሻጩም አብሮት ይልሳል። ሁለቱ ከላሱ በኋላ ቅር የሚለው ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት የቅቤ አገር ከሆነው ደጋ፣ መካነ ብርሃን ስለሆነ ይህን ያወቅሁት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። ኩልሱምም የጎንደር ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዕቃ መግዛት ማንም አያስተምራትም። እንዲህ ያለን ሁለት ሴቶች በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ዐሥራ ሁለት ኪሎ ቅቤ ሳንቀምስ ተሻሻጥን። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። በሽታ ይመስል መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከንፈሩ ደርቆ ነበር የከረመው። እኔና ኩልሱም መዝገብ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። እኔ አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ቅቤም ማርም የተቆላ ገብስም አመጣለሁ፤ እሷ ከባሏ ሱቅ ነጠላና የልጆች ጫማ ታመጣለች። የቢሮው ሰው ከሁለታችን ይገዛል። ደረሰኝ የለ፣ ሚዛን የለ። «ዝናሽ ያመጣችው ነው» ከተባለ ሌላ ወሬ አያስፈልግም ነበር። ሌላ ሀብት አልነበረኝም፤ ደመወዜን ሁሉም ያውቀዋል፤ ያቺን ቃል ግን እንደ ርስት ነበር የምቆጥራት።

ኩልሱም የመጀመሪያ ልጇን ፈትሂያን ልትድር ነው። ሠርጉ ከዒድ በኋላ በዐሥረኛው ቀን ተቆረጠ። በጾም ቅቤ ይረክሳል፤ የሚበላው ክርስቲያን ስለማይኖር ደገኛው የናጠውን ሁሉ ይዞ ቁጭ ይላል። ስለዚህ አሁኑኑ አምጪልኝ አለችኝ። ለታላቅ እኅቴ ለአየለች ላክሁባት፤ ከራሷም ከጎረቤቷም እንድትሰበስብ። በመጀመሪያው የጾም ሳምንት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ መኪና እስከምትደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ሄጄ ሁለት ማሰሮ ቅቤ ይዤ ተመለስሁ። አየለች ማሰሮዎቹን በወይራ አጥና፣ አፋቸውን በቅጠል ሸፍና፣ በጠፍር አስራ ነበር የሰጠችኝ። እሷም ጾመኛ ናትና አልቀመሰችውም።

ኩልሱም ቅቤውን የተረከበችኝ በምሳ ሰዓት ነው፤ ሌሎቹ ወጥተው እኛ ሁለታችን ብቻ መዝገብ ቤት ቀርተን ነበር። አሸተተች። በአውራ ጣቷ ተጫነች። ቆንጥራ ወደ አፏ ስትወስድ መሀል መንገድ ላይ ረመዳን ትዝ አላትና ጣቷን በአሮጌ ወረቀት ጠረገች። «በይ አንቺ ቅመሺልኝ» ስትለኝ እኔ ደግሞ ሁዳዴን አስታወስኋት። ሁለታችንም ዕንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እንደዚያ ቀን ሥቄ የማውቅም አይመስለኝ። ማሰሮዎቹን ባሏ በጋሪ አስጭኖ ወሰዳቸው፤ ነገሩም አለቀ ብለን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ዒድ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ኩልሱም ሰላም ሳትለኝ ገባች። የባሏ እኅት ያስሚን ለሠርጉ ቅቤውን ልታነጥር ማሰሮውን ስትከፍት ላዩ ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ ጣት ላይም ይጣበቃል። በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ ሞራ የተቀላቀለበት ቅቤ ይሸጣል የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ያስሚን እንግዲህ ይሄ ሞራ ነው ብላ ክዳኑን መልሳ ደፍታዋለች።

እዚህ ላይ ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሞራው ክርስቲያን ካረደው ከብት ከሆነ ለእነሱ ሐራም ነው። አንድ ማንኪያ ወጡ ውስጥ ከገባ የሦስት መቶ ሰው ድግስ ተበላሸ ማለት ነው፤ ፈትሂያም ባሏ ቤት የምትገባው ወገኖቿ ሐራም አበሉን እየተባለ ነው።

እኔ ግን ያን ጊዜ ያሰብሁት ስለ ድግሱ አልነበረም። እኅቴ ሞራ ቀላቀለች መባሉ ነው ያቃጠለኝ። የበጋ ቅቤ ነጭ ነው፤ ላም ደረቅ ሣር ስትበላ ቅቤዋ ይነጣል፤ ክረምት ለምለም ሲገኝ ነው ቢጫ የሚሆነው። ደጋ ደግሞ ብርድ ስለሆነ ይጠጥራል። ይህን ለኩልሱም ሦስት ጊዜ አስረዳኋት፤ ሦስተኛው ላይ ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። እሷ ማወቁን ታውቀዋለች። ያስሚን ግን ከተማ ያደገች ናት፤ አሁን ደግሞ የሠርጉ ወጥ ቤት በእሷ እጅ ነው።

እንግዲያው ለምን አትቀምሱትም አልኋት። ሞራ ካለበት መቅመሱም ሐራም ነው አለች። ልክ ናት። እኔ ልቅመስ እንዳልል ሁዳዴ ገና አልወጣም። ቅቤው ማሰሮው ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ እኛ ዙሪያውን ቆመናል፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዲት ምላስ ጠፋች።

ብርሽን ልመልስልሽ ብላት ገንዘቡ አይደለም አለችኝ። የገበያውን ደግሞ ጭራሽ አታምነውም። የፈለገችው እኔ እንድምልላት ነበር።

«ምንም የለበትም ብለሽ በሃይማኖትሽ ማይልኝ፤ ለያስሚን እነግራታለሁ፣ ይበቃናል» አለችኝ።

ይኼኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብምል ኖሮ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሲናጥ አልነበርሁም። እኔ ምንም አልጨመርሁበትም ብዬ እምላለሁ፣ ያላየሁትን ግን አልምልም አልኋት። ኩልሱም ረጋ ብላ «እኅትሽስ?» አለች። ያቺን ቃል ስትናገር በጥፊ የመታችኝ ያህል ተሰማኝ። ፋይሌን ይዤ ወጣሁ፤ የት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር።

ነገሩ አለቃችን አቶ ወልደ ዮሐንስ ጋ ደረሰ። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያደርስ፣ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ዳዊት የማይጠፋ ሽማግሌ ነው። ሁለታችንን ፊቱ አስቀምጦ አንድ ሙሉ ከሰዓት ዳኘን። መጀመሪያ እስከ ፋሲካ ይቆይ አለ። ሠርጉ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው አልነው። ወደ መካነ ብርሃን ሰው ላኪ አለኝ። ሰው ሄዶ እስኪመለስ ሙሽራዋ ትወልዳለች አልሁት። ከዚያ የማይጾም ክርስቲያን ይፈለግ አለ። እንዲህ ያሉ ሁለት ጎረምሶች እኛ ዘንድ አሉ፤ ቅቤን ከቫዝሊን ግን አይለዩም። በመጨረሻ አቶ ወልደ ዮሐንስ ሰዓቱን አየና እግዚአብሔር ያስታርቃችሁ ብሎ ተነሣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ተለወጠብኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ያ ነው የባሰው። ከእኔ ማር የወሰደች ሴት ስኳር ይኖርበት ይሆን ብላ ማሩን ቤቷ ስትገለብጠው እንዳመሸች በሌላ ሰው አፍ ሰማሁ። ሌላዋ ለፋሲካ ያዘዘችኝን ቅቤ ተዪው፣ አማቴ ልታመጣልኝ ነው አለችኝ። አማት እንደሌላት አውቃለሁ፤ ባሏን የማውቀው እናቱ ከሞተች በኋላ ነው። ኩልሱም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ መዝገብ ታገላብጣለች፤ ቀና ስትል ዓይኗን ከዓይኔ ታሸሻለች። ሌሊት ሌሊት አየለች ትታየኛለች፤ በእጇ ሞራ ይዛ ሳይሆን፣ ማሰሮውን በጠፍር ስታስር፣ ሸጋ ቅቤ ነው፣ ሰው አፍ እንዳታስገቢኝ ስትለኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ትዕግሥቴ አለቀ። ነጠላዬን ለብሼ ኩልሱም ቤት ሄድሁ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። ማሰሮውን አምጡልኝ አልሁ። ኩልሱምና ያስሚን ምነው ምን ልትሆኚ ነው እያሉ አመጡልኝ። ክዳኑን ከፈትሁ፤ በጣቴ ቆንጥሬ ላስሁት።

የሁዳዴ ሠላሳ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድም ቀን ሳልገድፍ የጾምሁት ጾም ነው። ቅቤው ምላሴ ላይ ቀለጠ። ሞራ ቢሆን ላንቃዬ ላይ በተጋገረ፤ አልተጋገረም። መጨረሻ ላይ ትንሽ ጎምዘዝ አለኝ፤ የአየለች ማሰሮ የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ደግሜ ላስሁ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቅቤ በሕይወቴ አልቀመስሁም። ጾሜን መግደፌን ረስቼ ደስ አለኝ። ቀና ብዬ በኩራት ንጹሕ ቅቤ ነው፣ ጠብታ ሞራ የለበትም አልኋቸው።

ኩልሱም ማሰሮውን አላየችም፤ የምታየው ጣቴን ነበር።

«ዝናሽ፣ ሁዳዴን ገደፍሽ?» አለችኝ።

እውነቱን ላሳይሽ ብዬ ነው አልኋት።

ሌሎቹ ሴቶች እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ስምልልሽ ቁም ነገረኛ ናት፣ ሃይማኖቷን ታከብራለች እያልሁ ነው» አለች። «ለቅቤ ብለሽ ጾምሽን ከገደፍሽ፣ ለቅቤ ብለሽ የማትይው ምን አለ?»

ሳልልስ የማላውቀውን እውነት፣ ስለላስሁ ብናገረው ዋጋ አጣ። ብምል ኖሮ ታምነኝ ነበር፤ ሳላይ አልምልም ስላልሁ ተጠረጠርሁ፤ አይቼ ስናገር ደግሞ ከሃዲ ሆንሁ። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ያስሚን ግን ማሰሮውን ከፊቴ አንሥታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ በአክብሮት መልሳ አሳቀፈችኝ። ሁለተኛውንም ማሰሮ በነጋታው በጋሪ ላኩልኝ። ብሩን ሳትጠይቀኝ መለስሁላት። ድግሱን በዘይት እንደሚሠሩት ሰማሁ።

የነፍስ አባቴ ጋ ሄጄ ገድፌያለሁ አልኋቸው። በሥጋ ነው ወይ አሉኝ። በቅቤ ነው አልሁ። ርቦሽ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልሁ። ታዲያ ምነው ሲሉኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለመንገር ሞከርሁ፤ መሀል ላይ ስደርስ ለራሴም የቂል ወሬ መሰለኝና አቋረጥሁት። የአርባ ቀን ስግደት ሰጡኝ። መሥሪያ ቤት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አቶ ወልደ ዮሐንስ ሲያየኝ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ በሽተኛ እንደሚያይ ሰው።

ኩልሱም ግን ለሠርጉ ጠራችኝ። ቂመኛ አይደለችም፤ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት። በጎንደር ወግ የክርስቲያኖቹ ዳስ ለብቻ ነው፤ ክርስቲያን ወጥ ሠሪ ተቀጥራ፣ ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር፣ ተልባ ፍትፍትም ተሠርቶልናል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ በአንድ ረጅም ወንበር ተደርድረን ተቀመጥን። ኩልሱም የሙሽራ እናት ሆና ሳለ እኛን ለሌላ ሰው አልተወችም፤ ራሷ ሳህን ይዛ መጣች። ለአቶ ወልደ ዮሐንስ ምስር አወጣችለት። አጠገቡ ላለችው ታይፒስት ሽሮ አወጣችላት። ለማር ገዢዋም፣ አማት ለሌላትም። ማንንም ምንም አልጠየቀችም፤ ጾመኞች መሆናቸውን ታውቃለች።

እኔ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ውስጥ ተናገረችኝ።

«ዝናሽ፣ አንቺ የጾሙን ነው የምትበዪ? ካልሆነ ጓዳ ሸጋ እርጎ አለ፤ ማንም ሳያይሽ ላስገባሽ እችላለሁ።»

ልታሾፍብኝ ብላ ቢሆን እመልስላት ነበር፤ ለሹፈት ምላሴ አያንስም። የምሯን ነበር። እንዳልራብ አዝናልኝ፣ ነውሬን ልትሸፍንልኝ ፈልጋ ነው። ይህች ሴት ከእንግዲህ ምን ብነግራት፣ ምን ብምልላት፣ በልቧ ያለችው ዝናሽ ተደብቃ እርጎ የምትበላዋ ናት።

የጾሙን ነው የምበላው አልኋት።

እሺ አለችና ምስሩን አወጣችልኝ። ከዚያም ወደ ቀጣዩ ሰው ከማለፏ በፊት፣ ሐሳቤን ብለውጥ ብላ፣ ትንሽ ቆም ብላ ጠበቀችኝ።